የቤት ከዳኙ ጣሪያ

አንድ የሣር ቤት ከዳኝ ነበር። የሚኖረው ወንዝ ዳር በተቆረቆረች ትንሽ ከተማ ነው። ከተማ ትባል እንጂ ቆርቆሮ የለበሱት ቤቶቿ ጥቂት፣ ሣር የለበሱት ብዙ ነበሩ። እናት አባቱ ያወጡለት ስም ሌላ ቢሆንም ሰው ሁሉ አባ ከድን ይለዋል። አንደኛ፣ እሱ የከደነው ቤት አያፈስም። ሁለተኛ፣ የሰማውን ገበና አያወጣም። ጣሪያ ላይ ሲውል የኖረ ሰው የማያየው ጉድ የለም። የማን ጓዳ ባዶ እንደሆነ፣ የትኛው ባል ከሚስቱ ተኮራርፎ መደብ ላይ እንደሚተኛ፣ ማን ከቤቱ ጀርባ ተደብቆ እንደሚያለቅስ ያያል። አይቶም ሣሩን አልብሶበት ይወርዳል። በዚህ የተነሳ ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወንድማማቾች በድንበር ሲካሰሱ፣ ልጅ ሲያስቸግር የሚጠራው እሱ ነው። የሁሉንም ይሰማል፣ ያስታርቃል፣ ከድኖ ይሄዳል።

የእሱን የሚሰማ ግን አልነበረም። ሚስቱ ይመኙሻል ከሞተች ወዲህ ብቻውን ነው የሚኖረው። ያለችው አንዲት ልጅ ሩቅ አገር ተድራለች። ሰው ወደ ቤቱ የሚመጣው የራሱን ጉዳይ ይዞ ነው፤ ጉዳዩን ነግሮ ሲያበቃ ልቡ ቀልሎት ይወጣል። ከዳኙም በሩ ድረስ ሸኝቶት ይመለሳል። ከዚያ ቤቱ ጭር ይላል። ምሳውን ሲበላ የራሱን ማኘክ ይሰማል።

የጣሪያ ጥገና የሁለት ሰው ሥራ ነው። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት በግንቦት አንዱ ቤት ውስጥ ይገባል፣ በሩንና መስኮቱን ይዘጋል። በጨለማው ውስጥ ቀና ሲል ሣሩ የሳሳበት ቦታ በብርሃን ይታወቃል። ቀጭን ዱላ ያነሳና በዚያ ቀዳዳ ወደ ላይ ያሾልካል። ጣሪያው ላይ ያለው ሰው የዱላዋን ጫፍ ሲያይ እዚያው ላይ ሣር ይጨምራል። ከላይ ብቻ ሆኖ ቀዳዳ ማግኘት አይቻልም፤ ከላይ ሲያዩት ሣሩ ሁሉ ደህና ይመስላል። ከዳኙ የሰው ቤት ሲጠግን ባለቤቶቹ ከውስጥ ሆነው ዱላ ያሳዩታል። የገዛ ቤቱን ሲጠግን ታሳየው የነበረችው ይመኙሻል ናት። ሆን ብላ እግሩን በዱላ እየወጋች፣ «እዚህ ጋ ነው፣ አንተ ደንቆሮ!» ስትለው ጎረቤት ሁሉ ይስቅ ነበር። እሷ ከሞተች ወዲህ የራሱን ጣሪያ አይቶት አያውቅም። ሰው ቢጠይቀው፣ «ገና አላፈሰሰም» ይላል።

አንድ ቀን ዓይነ ምድር ሲወጣ ደም አየ። ደነገጠ፤ ከዚያ ግን፣ «ኪንታሮት ነው» አለ። የሚናገረው ለራሱ ነው፤ ሌላ ማን አለና። በርበሬ ተወ፣ ለብ ያለ የጨው ውኃ ላይ ተቀመጠ፣ ለኪንታሮት ይሆናል የሚባለውን ቅጠል ቀጠቀጠ። ደሙ ጥቂት ቀን ቀርቶ እንደገና መጣ። ሱሪው እየሰፋው ሄደ። ሚስት ያለችው ሰው ቢሆን፣ «ምነው፣ ምን ነካህ?» ትለው ነበር። የእሱን ሱሪ መስፋት የሚያውቀው ቀበቶው ብቻ ነበር።

በዚያ ሰሞን ወደ ከተማዋ ጤና ጣቢያ አንዲት ነርስ ተመድባ መጣች። ሲስተር ትርሲት ትባላለች፤ ወጣት ናት፣ ስትናገር ግን አትሽኮረመምም። እድርተኛው በተሰበሰበበት ቀን ፈቃድ ጠይቃ ተነሳችና ስለ ትልቁ አንጀት ካንሰር ማስረዳት ጀመረች። በሽታው ሳያም ሳያስቸግር አንጀት ውስጥ በትንሽ እባጭ እንደሚጀምር፣ እባጩ በዓይን የማይታይ ደም ሊያፈስ እንደሚችል፣ ደሙም በዓይነ ምድር ምርመራ እንደሚገኝ ተናገረች። ከዚያ ክዳን ያላቸው ትንንሽ ዕቃዎች አወጣች። በዕድሜ ገፋ ያሉት ሁሉ አንዳንድ ወስደው ጥቂት ዓይነ ምድር አድርገውበት እንዲመልሱላት ለመነቻቸው። «ደም በዓይኑ የሚያይ ሰው ግን ይህን ዕቃ አይውሰድ» አለች። «ለብቻው መጥቶ ይንገረኝ። እሱ በቀጥታ ሐኪም ዘንድ ነው የሚሄደው።»

ከዳኙ ይህን ሲሰማ መሬት መሬት አየ።

ሰዉ ግን ሳቀ። ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። አንዱ ተነስቶ፣ «ልጄ፣ ዓይነ ምድሬን በፌስታል አንጠልጥዬ በገበያ መሃል ላልፍልሽ ነው?» አለ። ሌላው፣ «ደህና ሰው ምኑ ይመረመራል? እናንተ ፈልጋችሁ በሽታ ታመጡብናላችሁ» አለ። አንዲት ሴት ደግሞ ከኋላ ሆና፣ «ብታገኙብኝስ ምን ላደርግ? ሳላውቀው ብሞት ይሻለኛል» አለች። ይሄኛው አላሳቀም፤ ብዙዎቹ በልባቸው ያሰቡት እሱን ነበርና። ደም ከተገኘ ምን ይደረጋል ብለው ሲጠይቋት ነርሷ፣ ጫፉ ላይ መብራት ያለው ቀጭን ቱቦ በመቀመጫ በኩል ገብቶ አንጀትን ከውስጥ እንደሚያይ ነገረቻቸው። ያን ጊዜማ ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ለመነሳት ተዘጋጁ።

ሲስተር ትርሲት ሰው የሚሰማው ማንን እንደሆነ ታውቃለች። ወደ ከዳኙ ዞራ፣ «አባባ፣ እርስዎ ቤት የሚያዩት ካፈሰሰ በኋላ ነው እንዴ?» አለችው።

«ኧረ በፊት ነው» አለ። «ካፈሰሰማ ማገሩ በስብሷል። ሣር ብትደርቢበት ምን ዋጋ አለው?»

«ከላይ ነው ከውስጥ የሚያዩት?»

«ከውስጥ ነዋ! በር ተዘግቶ፣ ብርሃን ተፈልጎ።»

«እኔስ ከዚህ የተለየ ምን አልኩ?» አለች።

ዓይን ሁሉ እሱ ላይ አረፈ። ሥራውን በገዛ አፉ ተናግሯል፤ እምቢ ቢል ነገ ማን ያምነዋል? ተነስቶ ዕቃዋን ተቀበለ። እሱ ሲቀበል ቅድም ያጉረመረሙት ሁሉ እየተግደረደሩም ቢሆን ወጥተው ተቀበሉ። አሁንም የምላችሁ፣ ያን ቀን መልካም ሥራ ሠርቷል። ክፋቱ ግን ዕቃዋን ይዞ ቤቱ ከገባ በኋላ መጣ።

ዕቃዋን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። በውስጧ የሚገባው ነገር ምን እንደሚናገር ያውቀዋል። ቀጥሎ ቱቦው ይመጣል፣ ቀጥሎ ሰው ያውቃል፣ ቀጥሎ የሰውን ገበና ሲከድን የኖረው አባ ከድን መቀመጫውን ገልጦ አልጋ ላይ ይተኛል። ያሳፈረው ይሄ ነው። ከሱ የባሰ ያስፈራው ደግሞ ሌላ ነበር። ደሙ ኪንታሮት ካልሆነስ? የሚያስታምመው ማን አለው?

ከልጅነት ጀምሮ ጓደኛው የሆነ ዘርጋው የሚባል ሰው አለ። የወፍጮ ቤት ባለቤት ነው፤ ቤቱ በልጅና በልጅ ልጅ የተሞላ፣ ቀልድ ሳይናገር እህል የማይወርድለት ሰው ነው። በእድሩ ስብሰባ ቀን ከወፍጮው አልወጣም ነበር። ከዳኙ ወደ እሱ ሄደና ዕቃዋን ከኪሱ አወጣ።

«ሆዴ ደርቆ አስቸግሮኛል። ነርሷ ደግሞ ነገ ትጠብቀኛለች» አለው። «ያንተን ስጠኝ።»

ዘርጋው መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው እያጓራ ሳቀ። «አንተ ሰው! ዕድሜ ልኬን ሰው ዱቄት ስጠን ሲለኝ ኖሯል፤ ይሄን የጠየቀኝ ግን አንተ የመጀመሪያው ነህ» አለ።

«ትሰጠኛለህ አትሰጠኝም?»

«ምን ገዶኝ! እንደ በሬ ጤነኛ ነኝ። በኔ ስም አንተም ጤነኛ ትባላለህ» አለና ዕቃዋን ተቀብሎ ወደ ጓሮ ሄደ።

ቀናት አለፉ። ነርሷ አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻዋን ወደ ከዳኙ ቤት መጣች። ወንበር ሲሰጣት ተቀመጠች፣ ድምጿንም ዝቅ አደረገች። «አባባ፣ ባመጡት ውስጥ ደም ተገኝቷል» አለችው። «ይሄ ካንሰር ነው ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር ሆኖ ይገኛል። ግን መታየት አለበት፤ ትልቁ ከተማ ወዳለው ሆስፒታል እልክዎታለሁ። ትንሽ እባጭ ከሆነ እዚያው በቱቦው ቆርጠው ያወጡታል፤ ቢላም የለው፣ ሥቃይም የለው። መዘግየት ነው ክፉ።»

ከዳኙ ቆሌው ተገፈፈ። ደም የሚያየው እሱ፤ ደም የተገኘው በዘርጋው።

«ለሰው አትንገሪ» አላት።

«የእርስዎ ጉዳይ ነው፤ ከእኔ አይወጣም። እርስዎ ብቻ ይሂዱ።»

«እሄዳለሁ» አለ። ሸኝቷት ተመለሰ፤ አልሄደም።

በመንገድ ያገኙት ሁሉ፣ «አባ ከድን፣ ምን ተባሉ?» ይሉታል። «ደህና ነህ ተባልኩ» ይላቸዋል። ለክፋት ብሎ የዋሸ አልነበረም። አፉ መክደን የለመደ ስለሆነ ሳያስበው ይወጣል። አንዴ ከወጣ በኋላ ግን ለሚቀጥለው ጠያቂም ያንኑ መድገም ግድ ሆነበት።

ዘርጋውን ግን ዝም ብሎ መተው አልሆነለትም። አንድ ቀን ሄዶ ከወፍጮው ደጃፍ አጠገቡ ተቀመጠና፣ «ለምን አንተም አትመረመርም? ዕቃ ልቀበልልህ?» አለው።

«እኔ?» አለ ዘርጋው። «ተመረመርኩ እኮ! ደህና ነህ ተባልኩ አላልክም እንዴ? እንግዲያው ደህና የተባልኩት እኔ ነኛ! ሚስቴ ስትጨቀጭቀኝ፣ ‘ዝም በይ፣ ሆዴ የተመሰከረለት ነው’ አልኳት። ባይሆን አንተ ሂድና የራስህን ስጥ፣ ሌባ!»

ይህን ብሎ ትከሻውን መታ መታ አደረገውና ሳቀ። ከዳኙም ሳቀ። ዘርጋው የሚስቅባት እያንዳንዷ ቀን ግን ከዘርጋው ከራሱ ዕድሜ ላይ የምትቀነስ መሰለችው። ሊነግረው አፉን ከፈተ፤ «በል ልሂድ» የሚል ቃል ብቻ ወጣው።

ሰማዩ መጥቆር በጀመረበት ሰሞን፣ የመጀመሪያው ዝናብ ሊወርድ ሲያንዣብብ፣ ከዳኙ ቤቱ ገብቶ በሩንና መስኮቱን ዘጋ። ቀን ነበር። ለምን እንደዘጋው እሱም በቅጡ አላወቀም። ቀና ሲል ጣሪያው ቀዳዳ በቀዳዳ ሆኗል። ከውጭ ሲታይ ደህና የሚመስለው፣ አላፈሰሰም ሲለው የኖረው ጣሪያ በየቦታው ብርሃን ያስገባል። ከልማድ የተነሳ ማዕዘን የተደገፈችውን የይመኙሻልን ዱላ አንስቶ በአንደኛው ቀዳዳ ወደ ላይ አሾለካት። ጥቂት ሣር ረገፈበት። ዱላዋን እንደያዘ ቆመ። ጣሪያው ላይ ማንም አልነበረም። የዱላዋን ጫፍ የሚያይ፣ «እሺ፣ አየሁት» የሚል ድምፅ አልመጣም። ክንዱ እስኪዝል ቆየ። ያኔ ሆዱ ባባ፤ ሚስቱ ስትሞት እንኳ ሰው እንዳያየው ውጦት የነበረው ለቅሶ መጣበት። አለቀሰ። ሲበቃው ፊቱን ታጠበ፣ በሩን ከፈተና ወደ ወፍጮ ቤት ሄደ።

ቀኑ የገበያ ዋዜማ ነው። ወፍጮ ቤቱ እህል ባመጣ ሰው ጢም ብሏል። ሞተሩ ይጮሃል፣ ዘርጋው ዱቄት ለብሶ ላይ ታች ይላል። ከዳኙ በሰዉ መካከል ተጋፍቶ ጆሮው ሥር ደረሰና፣ «የምነግርህ አለኝ» አለው።

«ምን?» አለ ዘርጋው።

«ደም ተገኝቷል!»

«ምን አልክ? አይሰማም!»

ከዳኙ ድምፁን ከፍ አደረገ። ዘርጋው አሁንም ጆሮውን ያመለክታል። ከዳኙ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ጮኸ። በዚያችው ቅጽበት ዘርጋው ደግሞ ሊሰማው ብሎ ሞተሩን አጠፋው። ወፍጮ ቤቱ ጭጭ ባለበት፣ ያ ሁሉ ሰው ባለበት፣ የከዳኙ ድምፅ ብቻውን ወጣ።

«ደህና ነህ ያልኩት ውሸቴን ነው! ደሙ የተገኘው ባንተ ነው! የሰጠሁት ያንተን ነው፤ እኔም ደም አያለሁ፣ ከቆየ ቆይቷል!»

መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። አንዲት ሴት የያዘችውን ቁና አስቀመጠች። አንድ ሽማግሌ ኮፍያውን አወለቀና መልሶ አጠለቀ። ዘርጋው ራሱ ዱቄት የነሰነሰው ፊቱ ይበልጥ ነጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አጣ።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለው።

«አፈርኩ።»

«ስለኔ ነው የምልህ! የእኔን ለምን አልነገርከኝም?»

«ያንተን ለመንገር የራሴን መንገር ነበረብኝ» አለ ከዳኙ።

ዘርጋው ዱቄቱን ከፊቱ ጠረገ። «ከዳኝ መሆንህን ሁሌም አውቃለሁ» አለ። «እስከ ዛሬ ግን ላልቶ ነበር የማነበው። ጠብቆ ይነበባል ለካ።»

ከዳኙ አንገቱን ደፋ። ይህ ቃል ከወፍጮው ድምፅ ይልቅ ጆሮው ውስጥ ቀረ። ዘርጋው ግን ተናግሮ አልሄደም። ዱቄታም እጁን የጓደኛው ትከሻ ላይ ጣለና፣ «በል ተነስ፤ አብረን ነው የምንሄደው» አለው። ወፍጮውን ለሚስቱ ትቶ ያንኑ ቀን ሁለቱም ነርሷ ዘንድ ሄዱ። ሲስተር ትርሲት ሁሉንም ሰምታ አልተቆጣችም፤ ወዲያው ትልቁ ከተማ ወዳለው ሆስፒታል ላከቻቸው።

ዘርጋው ላይ ትንሽ እባጭ ተገኘ። ክፉ ወደ መሆን ሊዞር የጀመረ ነበር፤ ገና አልዞረም። በቱቦው ቆርጠው አወጡለት፣ እያዩትም እንደሚቆዩ ነግረው ለቀቁት። ከምርመራ ክፍሉ ሲወጣ፣ «ይሄንን ነው እንዴ እንደዚህ የፈራነው? ሚስቴ ጥርሴን ስታስነቅለኝ የባሰ አይቻለሁ» አለ።

ከዳኙን ያየው ሐኪም ግን ብዙ ቆየ። ሲጨርስ ወንበሩን አቅርቦ ተቀመጠ።

«ደሙ መቼ ጀመረዎት አባቴ?»

«ባለቤቴ ካረፈች በኋላ።»

«ለማን ተናገሩ?»

«ለማን ልናገር?» አለ ከዳኙ።

ሐኪሙ በሽታው ከአንጀት አልፎ ጉበት መድረሱን ነገረው። ቀዶ ሕክምናም መድኃኒትም እንደሚሞክሩ፣ ዕድሜ እንደሚጨምሩለት፣ ሙሉ በሙሉ ሊያድኑት ግን እንደማይችሉ ሳይደብቅ ተናገረ። ቀድሞ መጥቶ ቢሆን የጓደኛውን ያህል ቀላል በሆነ ነበር።

ታክሞ ወደ ከተማዋ ሲመለስ ሰው ይስቅብኛል ብሎ ፈርቶ ነበር። የሳቀበት የለም። ይልቅስ ሰው ወደ ቤቱ መጣ፤ ያን ጊዜ ግን የሚያወራው ሌላ ነበር። በእድሩ ስብሰባ ሳላውቀው ብሞት ይሻለኛል ያለችው ሴት መጥታ ደም እንደምታይ ነገረችው። ዓይነ ምድሬን በፌስታል አላንጠለጥልም ያለው ሰውዬ ዕቃዋን በወረቀት ጠቅልሎ ወደ ጤና ጣቢያው ሲሄድ መንገድ ላይ ጎራ ብሎ አሳየው። አንዳንዱ ብቻዬን እፈራለሁ ሲል ከዳኙ ምርኩዙን ይዞ እስከ ጤና ጣቢያው በር ይሸኘዋል። ሁሉንም ግን አንድ ነገር ይለምናቸው ነበር፤ «የራሳችሁን ስጡ» ይላቸዋል። እነሱም ይስቃሉ፣ እሱም ይስቃል።

በዓመቱ ግንቦት በመጣ ጊዜ ጣሪያ ላይ የሚወጣበት አቅም አልነበረውም። አንድ ቀን ጠዋት ጣሪያው ላይ ኮሽታ ሰማ። ወጥቶ ቢያይ ዘርጋው ነው፤ ዕድሜ ልኩን ሣር ነክቶ የማያውቅ ወፍራም ሰው፣ ሱሪውን ሰብስቦ፣ የሣር ነዶ ታቅፎ ጣሪያ ላይ ወጥቷል።

«ውረድ! ትወድቃለህ!» አለው።

«አንተ ግባና በሩን ዝጋ» አለ ዘርጋው። «ዱላህን አሳየኝ እንጂ ምኑን ላውቀው!»

ከዳኙ ገባ፣ በሩን ዘጋ፣ የይመኙሻልን ዱላ አነሳ። በመጀመሪያው ቀዳዳ አሾለካት።

«አየኸው?»

«አየሁት!» አለ ዘርጋው ከላይ።

ከዳኙ ዱላዋን ወዲያው አልሳባትም። ያችን ቃል ከሰማ ስንት ጊዜው ነው! በጨለማው ውስጥ እንባው እየወረደ፣ ዱላዋን ወደ ጎን አስጠጋና የጓደኛውን እግር ወጋው። «እዚህ ጋ ነው፣ አንተ ደንቆሮ!» አለ። ዘርጋው ሲጮህና ሲሳደብ ጎረቤት ወጥቶ ሳቀ። ጣሪያው አስቀያሚ ሆኖ ተከደነ፤ ነዶው ወዲህና ወዲያ ተንጨባርሯል። በዚያ ክረምት ግን ቤቱ አንዲት ጠብታ አላፈሰሰም። ከዳኙ በዚያ ጣሪያ ሥር፣ ዘርጋው እጁን ይዞት፣ መስከረም ሳይጠባ አረፈ።

ይህን ታሪክ የነገረኝ ሰው ከዳኙን የገደለው ካንሰር ብቻ አይደለም ይላል። እኔም እስማማለሁ። እኛ ሰው ስንወድ በአንጀታችን እንወዳለን፤ ስናዝን አንጀታችን ይላወሳል፤ የሚያሳዝን ሰው ስናይ አንጀቴን በላኝ እንላለን። ያው አንጀት ታሞ ይታይ ሲባል ግን ነውር ይሆንብናል። ገበና የሚከደነው ከአላፊ አግዳሚ ነው እንጂ ከሚጠግን ሰው አይደለም። ምርመራውም ለታመመ ሰው ብቻ የመጣ አይደለም፤ ጣሪያ በግንቦት፣ ዝናቡ ሳይጀምር እንደሚታየው፣ አንጀትም ሳያም የሚታይበት ጊዜ አለው። ደም ያየ ደግሞ ኪንታሮት ነው ብሎ ለራሱ አይፍረድ፤ ይታይ።

ደግሞም ከውስጥ ሆነው ዱላቸውን በቀዳዳ አሾልከው፣ የሚያይላቸው አጥተው ክንዳቸው የዛለ ብዙ ሰዎች በመካከላችን አሉ። ሚስት የሞተችባቸው፣ ልጅ የራቀባቸው፣ ሁሉ የሚነግራቸው ማንም የማይጠይቃቸው። አንተስ፣ አንቺስ፣ ዛሬ ሱሪው እንደሰፋው ልብ ያላላችሁት ማን አለ?